የአራዳ ሽቦና የመብረቅ ነገር

ስልክ ብለን የምንጠራው ነገር ስሙን ያገኘው ከሚናገረው አፍ ወይም ከሚሰማው ጆሮ ሳይሆን ከሽቦው ነው፤ ቃሉ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትርጓሜው ክር ወይም ሽቦ ማለት ነውና፣ አባቶቻችን ይህን መሣሪያ ባዩት ጊዜ ልባቸውን የሳበው ከምሰሶ ወደ ምሰሶ፣ ከጣራ ወደ ጣራ የተዘረጋው ቀጭን ብረት እንደ ነበረ ከስያሜው ብቻ እንረዳለን። የዚያ ሽቦ ሌላው ጫፍ ግን፣ ማለት በግድግዳ ጥግ ወርዶ ወደ አፈር የሚገባውና ከሰው ዐይን የተሰወረው ክፍል፣ በአማርኛ እስከ ዛሬ የረጋ ስም አላገኘም፤ አንዱ «ኧርዝ» ይለዋል፣ ሌላው «ግራውንድ» ይለዋል፣ ሦስተኛው «የመሬት ሽቦ» ይለዋል፣ ብዙው ሰው ግን ጨርሶ አያነሣውም። ስለ አራዳና ስለ ፒያሳ የአየር ሽቦ ለመጻፍ ስነሣ በልቤ ያለው ይኸው ነው፤ ከተማችን ሽቦን ወደ ላይ መስቀልን ፈጥና ተማረች፣ ወደ ታች ማውረድን ግን አልተማረችውም፤ ጥቂቶች ሲያውቁት ኖሩ፣ ዕውቀታቸውም ሳይወረስ ቀረ።

የነገሩ መነሻ በሁለት ቤቶች መካከል የተዘረጋ አንድ ሽቦ ነው። ራስ መኰንን በ1882 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጉዟቸው ሲመለሱ ካመጧቸው ዕፁብ ነገሮች አንዱ የስልክ መሣሪያ እንደ ነበረ፣ ዐፄ ምኒልክም በቤተ መንግሥቱና በግምጃ ቤቱ መካከል አስተክለው እንደ ተነጋገሩበት፣ ካህናቱም አካል የሌለው ድምፅ ከሣጥን ውስጥ ሲወጣ ቢሰሙ «የርኩስ መንፈስ ሥራ ነውና ይወገድ» ብለው እንደ ተቃወሙ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ልመናቸውን እንዳልተቀበሉ የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ። የዛሬ ሰው ይህን ታሪክ የሚያነሣው ባብዛኛው በካህናቱ ለመሣቅ ነው፤ እኔ ግን አልሥቅም። ከደጅ ወደ እልፍኝ በገባ ብረት ላይ ከሰው ድምፅ ሌላ ያልተጠራ ኃይልም ተከትሎ ሊገባ እንደሚችል መጠርጠራቸው ትክክል ነበር፤ የሳቱት የኃይሉን ስም ነው። እርሱም መብረቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሽቦው ከግቢ ወጣ። በ1886 ዓ.ም. ግድም ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሥመር መዘርጋት ተጀመረ፤ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበሩት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ከደከሙባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነበር። የምድር ባቡሩ ገና በአሳብ ላይ ሳለ ሽቦው ተራራውንና በረሃውን አቋርጦ ሄደ፤ በመንገዱም ምስጥ እንጨቱን በላው፣ ዝሆን ጎኑን እያከከ ምሰሶውን ጣለው፣ ዝንጀሮ ተወዛወዘበት፣ ሰውም በበኩሉ ለጌጥ ወይም ለሌላ ጉዳይ እየቈረጠ ወሰደው እያሉ የዚያ ዘመን መንገደኞች ጽፈዋል። በ1890ዎቹም ከአስመራ የመጣው የቴሌግራፍ መሥመር ከአዲስ አበባ ጋራ ተገናኘ። የስልኩንና የቴሌግራፉን ሥራ ከመሩት ሹማምንት መካከል ልጅ በየነ ይመር ስማቸው ይጠራል። ይህን ሁሉ በፍጥነት የማልፈው ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ ነው፤ የኔ ጉዳይ እነዚህ መሥመሮች ሁሉ ከመጡበት መጥተው የሚያርፉባት ከተማ፣ በተለይም የከተማይቱ ልብ የነበረችው አራዳ ናት።

አራዳ በዚያን ጊዜ ገበያም ዐደባባይም ነበረች። ከዐድዋ ድል በኋላ በስምንት ማዕዘን የታነጸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከራስጌዋ ቆሞ፣ ከግርጌው እህልና ቅቤ፣ ጨውና ጥይት፣ ከብትና ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ የግሪክ፣ የአርመንና የህንድ ነጋዴዎች ሱቃቸውን በዙሪያው ተከሉ፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በእነዚያው ዓመታት የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል እንግዳ መቀበል ጀመረ። ወሬ፣ ገንዘብና እንግዳ በአንድ ስፍራ በተሰበሰቡበት ሽቦም መሰብሰቡ የግድ ነው። አስቀድሞ በሣር የተከደነው ቤት ቀስ በቀስ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ከሩቅ አገር የመጣው ባሕር ዛፍም በአጭር ጊዜ አድጎ ለቤቱ ማገር፣ ለሽቦውም ምሰሶ ሆነ። «የስልክ እንጨት» የሚለው ስም ያን ጊዜ ተወልዶ፣ ቁመቱ የመዘዘውን ጐረምሳ መቀለጃ እስከ መሆን ደረሰ። ልጆች ጆሯቸውን በእንጨቱ ላይ ለጥፈው፣ ነፋሱ ሽቦውን ሲያንቀጠቅጠው የሚሰማውን ጕምጕምታ የሩቅ አገር ሰዎች ወሬ ነው ብለው ያደምጡ ነበር። ከእንጨቱ አናት ላይ ሽቦውን የሚሸከመው ነጩ የሸክላ ዕቃ የቡና መጠጫ ስለሚመስል፣ ሠራተኛው እስከ ዛሬ «ስኒ» ይለዋል፤ ይህን ስም ያወጣው ሰው ማን እንደ ሆነ ባይታወቅም፣ ከብዙ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች የተሻለ ጆሮ እንደ ነበረው አልጠራጠርም።

እንግዲህ አሁን ወደ ምድር እንውረድ። በ1838 በፈረንጆች አቆጣጠር ሽታይንሃይል የሚባል የሙኒክ ሊቅ ቴሌግራፍ ሲሞክር አንድ ድንቅ ነገር አገኘ። የኤሌክትሪክ ኃይል ሄዶ የሚመለስበት ክብ መንገድ ያሻዋልና፣ እስከዚያ ጊዜ ለመሄጃ አንድ፣ ለመመለሻም አንድ ሽቦ ይዘረጋ ነበር፤ እርሱ ግን የመመለሻውን ሽቦ አስወግዶ በሁለቱም ጫፍ የብረት ሳንቃ ከአፈር ውስጥ ቢቀብር፣ ምድር ራሷ መልእክቱን ስትመልስ ተገኘች። በዚህ ምክንያት ያ የመጀመሪያው ዘመን ቴሌግራፍና ስልክ በየአገሩ ባብዛኛው በአንድ ሽቦና በምድር ላይ የቆመ ነበር፤ ግማሹን ዋጋ የሚያድን ነገር ማን ይጠላል! ለኔ ነገር ዋናው ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ በዚያ ሥርዐት ምድር የመሥመሩ ግማሽ አካል ነበረች፣ ከአፈር ጋራ የተጋባው ሽቦ ቢላላ ወይም በበጋ አፈሩ ቢደርቅ መልእክቱ ይደክም፣ ከዚያም ፈጽሞ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ አፈሩ ሲደርቅ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ወደ ጓሮ ወርዶ የምድር ሳንቃው በተቀበረበት ስፍራ ውኃ ማፍሰስ ከሥራው አንዱ ነበር። አፈሩን እንደ ጐመን መደብ ያጠጣው ነበር ማለት ነው። መብረቅ በመጣም ጊዜ ያ የተንከባከበው አፈር ውለታውን ይመልስለት ነበር፤ መውረጃው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበርና።

መብረቅ በኛ ዘንድ ባዕድ አይደለም፤ ደገኛ ሕዝብ እንደ መሆናችን ከደመና ጋራ ጎረቤቶች ነን፣ አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በቅዱሳት መጻሕፍታችንም ነገሩ ሰፊ ስፍራ አለው፤ በመጽሐፈ ሄኖክ ቅዱስ ዑራኤል በነጎድጓድና በረዓድ ላይ የተሾመ መልአክ ነው፣ ሄኖክም የመብረቆችን ምሥጢርና ማደሪያቸውን እንዲያይ ተፈቅዶለታል፤ ወንጌላዊው ዮሐንስም በኛ ዘንድ ወልደ ነጎድጓድ በመባል የታወቀ ነው። ሕዝቡ በበኩሉ ነጎድጓድ ሲያጕረመርም ቀይ ልብስ አትልበስ፣ ብረት አትያዝ፣ ከዛፍ ሥር አትጠለል ይላል፤ ከነዚህ መካከል የቀይ ልብሱ ነገር መሠረት ባይኖረውም፣ ስለ ብረቱና ስለ ዛፉ የተባለው ግን የዛሬ ሊቃውንትም የሚመክሩት ነው። በአውሮፓማ ነጎድጓድን ለመበተን ደወል መደወል ልማድ ነበር፤ በ1784 በፈረንጆች አቆጣጠር በሙኒክ የታተመ አንድ መጽሐፍ በ33 ዓመት ውስጥ 386 የደወል ግንቦች በመብረቅ እንደ ተመቱ፣ 103 ደዋዮችም ገመዱን እንደ ያዙ እንደ ሞቱ ቈጥሯል። ይህን ቍጥር ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ ያ በዝናብ የራሰ ገመድ ነው፤ ከላይ ከብረት ጋራ የታሰረ፣ ከታች ግን ከሰው እጅ በቀር ማረፊያ የሌለው። በዚያው አቆጣጠር በ1752 አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን መብረቅና ኤሌክትሪክ አንድ ባሕርይ መሆናቸውን ወደ ሰማይ በሰቀለው የሐር ጨርቅ ካይት ከገለጠ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት በሴንት ፒተርስበርግ ሪክማን የተባለ ሊቅ ከጣራ ላይ የመጣውን ብረት ወደ አፈር ሳያወርድ በቤቱ ውስጥ ሊለካው ቢሞክር መብረቁ ገደለው። እንግዲህ የመብረቅ መከላከያ ዕውቀት ሁሉ ከጅምሩ የቆመው በአንዲት ሕግ ላይ ነው፤ ወደ ላይ ያወጣኸውን ብረት ወደ ታች አድርሰው፣ ካላደረስኸው አንተው ማድረሻ ትሆናለህ።

የስልክ መሐንዲሶች ይህችን ሕግ ወደ ቤት መግቢያ አመጧት። ሽቦው ከእንጨቱ ወርዶ ወደ ግድግዳው በሚገባበት ስፍራ አንዲት ትንሽ ሣጥን ይሰቅላሉ፤ በውስጧ ሁለት የከሰል ቍራጮች ከወረቀት ውፍረት በማይበልጥ ክፍተት ተራርቀው ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ አንዱ ከመሥመሩ፣ ሁለተኛው ከምድር ጋራ የታሰረ ነው። የሰው ድምፅ የሚሸከመው ደካማ ኃይል ያንን ክፍተት መዝለል አይችልምና መንገዱን ይዞ ወደ ስልኩ ይገባል፤ መብረቅ ያስነሣው ብርቱ ኃይል በመጣ ጊዜ ግን ክፍተቱን ዘሎ ወደ አፈር ይወርዳል። በኋላ ዘመን ከሰሉ በጋዝ በተሞላ ትንሽ ብልቃጥ ተተካ፤ ምሥጢሩ ግን ያው ነው። ልብ በሉ፤ ይህች ሣጥን በራሷ ምንም አታድንም። ከአፈር የሚያገናኛት ሽቦ ከተቈረጠ በር የሌለው ቤት ዘበኛ ናት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያልተስተዋለ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። አንድ ሽቦ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ሲዘረጋ፣ የሚያገናኘው ሁለት ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ሁለት ምድሮችንም ነው። እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ የመሬት ሽቦ አለው፤ በአዘቦት ቀን ሁለቱ ምድሮች እኩል ናቸው፣ ውኃ በተስተካከለ ገበቴ ላይ እንደሚተኛ። መብረቅ ግን በአንድ ምት 30,000 አምፔር የሚያህል ኃይል ሊያወርድ ይችላል፤ የአንደኛው ሕንፃ ምድር ይህን ኃይል ሲቀበል የሚያሳየው እንቢታ 10 ኦም ቢሆን፣ ያ ሕንፃ ከነዕቃው፣ ከነግድግዳው ብረት፣ ለዐይን ቅጽበት 300,000 ቮልት ያህል ከጎረቤቱ በላይ ከፍ ይላል። በመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ያ ቀጭን ሽቦ ብቻ ነውና፣ ከፍ ያለው ወደ ዝቅተኛው በእርሱ በኩል ይፈስሳል፤ የወዲያኛው ሰው የራሱ ቤት ሳይመታ፣ ዕቃው ሲጨስ ይደነግጣል። ስለዚህ የሥራው ሥርዐት በአንድ ጫፍ ብቻ መከላከያ ማድረግን አይቀበልም፤ በሁለቱም ጫፍ፣ ሽቦው ወደ ቤት በሚገባበት በዚያው ስፍራ መሆን አለበት፤ ሽቦውን የሚሸከመውም የብረት ገመድ ከምድር ጋራ መታሰር አለበት፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያለው ማናቸውም የመሬት ሽቦ፣ የመብራቱም የስልኩም የአንቴናውም፣ ተገናኝቶ አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ በገዛ ቤቱ ውስጥ ሁለት ምድሮች ይፈጠራሉ። ወደ አፈር የሚወርደውም ሽቦ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ የመብረቅ ኃይል እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ሜትር ሽቦ ላይ ብዙ ሺህ ቮልት ይጥላልና፣ ለማማር ሲሉ በግድግዳው ጥግ እየጠመዘዙ የወሰዱት ሽቦ ሥራውን እጅግ ያደክመዋል። ገመዱ ቢረዝም እንደ ክራር አውታር ጠቅልሎ ማስቀመጥ የሚወዱ ሠራተኞች ሁሉ ይህን ቢሰሙ እወዳለሁ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረ፤ አራዳን ለፈረንጆች መኖሪያና መነገጃ እንድትሆን ዐሰበላት፣ «ፒያሳ» የሚለውም ስም ከዚያ ዘመን ቀረ። በአምስቱ ዓመት ለጦርና ለአስተዳደር ሲባል ብዙ ሽቦ ተዘረጋ፤ ዐርበኞቻችንም ከከተማ ውጭ የስልክ እንጨት መጣልንና ሽቦ መቍረጥን ከጦር ሥራ አንዱ አደረጉት፣ ጠላት በአንድ ክር ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ከማንም በፊት ዐውቀዋልና። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለቴሌኮሙኒኬሽን ተበድሮ፣ በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። በዚያ ወራት የፒያሳ ሰገነቶች ከሆቴሉ ወደ ሲኒማ ቤቱ፣ ከወርቅ ቤቱ ወደ ቡና ቤቱ፣ ከዶሮ ማነቂያ እስከ ሠራተኛ ሰፈር በሽቦ ተሳሰሩ፤ ወደ ራስ መኰንን ድልድይ ቍልቍል የሚመለከት ሰው ሰማዩን በመሥመር የተሰመረ ደብተር አድርጎ ያየው ነበር።

ታላቁ መርሳት የገባው በዚህ ሁሉ መስፋፋት መካከል ነው። የስልኩ መሥመር በሁለት ሽቦ፣ ጥንድ ሆኖ መሥራት ከጀመረ በኋላ፣ ድምፁም እጅግ ጠራ፤ የጎረቤት መሥመር ጕርምርምታም ቀነሰ። ይህ የሚመሰገን እድገት ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድር ከመሥመሩ ተባረረች፤ የመሬት ሽቦው ቢኖርም ባይኖርም ስልኩ ይናገራል፤ ቢበጠስም ማንም ደውሎ «ተበላሸ» አይልም። ድሮ ውኃ ይጠጣ የነበረው አፈር በዓመት አንድ ጊዜ የሚያየው ሰው ዐጣ። የቴሌ ባለሙያዎች በየማዕከላቸው ሥርዐቱን ቢጠብቁም፣ ከመሥመሩ ወዲህ፣ ከደንበኛው ግድግዳ ውስጥ፣ ጕዳዩ የማንም አልነበረም። ሥራ ሲበላሽ ወዲያው የሚጮኽ ነገር ጠባቂ አያጣም፤ ዝም ብሎ የሚበላሽ ነገር ግን እስከ ክፉ ቀን ድረስ ዝም ይላል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፒያሳ አንድ ሕንፃ ፎቅ ላይ በአንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር፤ ሥራ ሲበዛ ከመንገዱ ማዶ ሁለተኛ ክፍል ተከራይተን፣ ሁለቱን ክፍሎች በአንድ የኮምፒዩተር ገመድ ከጣራ ወደ ጣራ አገናኘን፤ ጽሑፉን ወዲህ ጽፈን ወዲያ ስናትም፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያደንቀን ነበር። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ከኛ ራቅ ብሎ ካለ ባሕር ዛፍ ላይ ወረደ። በቤታችን አንድም ብልጭታ አልታየም፤ ነገር ግን በሁለቱም ክፍል ያሉት መሣሪያዎች በአንድ ትንፋሽ ሞቱ፣ ክፍሉንም የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ሞላው። ከሕንፃው ሥር ማኪያቶ የሚጠጡ አንድ ጡረተኛ የስልክ መሥመር ሠራተኛ ነበሩና፣ ስወርድ ስወጣ የማሰማውን ሐዘን ሰምተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ መብረቁ የወደቀው ከዛፉ ላይ ነው፤ እናንተ ዘንድ ምን አመጣው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«እናንተው ናችሁ መንገድ የጠረጋችሁለት። ሁለት ቤት በአንድ ገመድ አስራችሁ አንዱ ሲናወጥ ሌላው እንዴት ይቆማል? በል ተነሣ፣ ኧርዛችሁን አሳየኝ።»

ወደ ጓሮ ወረድን። አረንጓዴው ሽቦ ከፎቁ በመልካም ሁኔታ ይወርድና ከውኃ ቧንቧው ላይ በጥብቅ ታስሯል፤ እኔም ኮራሁ። እርሳቸው ግን ቧንቧውን በጣታቸው አንኳኩ። ፕላስቲክ ነበር። የጥንቱ የብረት ቧንቧ ዝጎ በፕላስቲክ ሲተካ፣ ሽቦውን የፈታው ሠራተኛ «ከነበረበት መልሰው» ተብሎ ከነበረበት መልሶታል። ሽማግሌው አልተቈጡም፤ «ሰቅላችሁታል እንጂ አላሳረፋችሁትም» ብለው ወደ ማኪያቷቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ያነበብሁት ሁሉ ለዚያች ዐረፍተ ነገር ሐተታ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ስለ አፈሩም አንድ ቃል ልጨምር፣ የኛ ወቅት ለዚህ ሥራ ልዩ ጠባይ አለውና። አፈር መብረቅን የሚቀበለው በእርጥበቱ መጠን ነው፤ በነሐሴ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ብረት መልካም ይቀበላል፤ ያው ብረት በጥር፣ አፈሩ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ፣ በአየር ላይ የቆመ ያህል ነው። የበልጉ መብረቅ ደግሞ የሚመጣው አፈሩ ገና ውኃ ሳይጠግብ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ስለዚህ የመሬት ሽቦን ብቃት በክረምት የለካ ሰው ራሱን ያታልላል፣ እውነተኛው ምርመራ የጥርና የየካቲት ነው። ባለሙያዎቻችን ጕድጓዱን በከሰልና በጨው መሙላት ይወዳሉ፤ ከሰሉ እርጥበት ይይዛል፣ ጨውም ኃይሉን ያሳልፋል፤ ነገር ግን ጨው በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፣ ብረቱንም ይበላዋል፤ ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ ካልታደሰ የተቀበረው ነገር ዝገት ብቻ ይሆናል። በፒያሳ ይህን ያህል የሚያስብ ባለ ሱቅ ብዙ አላየሁም፤ መዳብ የሚገዛ ልዋጭ ግን በየቀኑ አይ ነበር፣ ከጓሮ የሚጠፋው የመሬት ሽቦም ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በ2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያና በዙሪያዋ የነበሩ ብዙ ያረጁ ቤቶች ፈረሱ፣ ከምሰሶ ላይ ይንጠለጠል የነበረውም ሽቦ ወደ መሬት ውስጥ ገባ። ያንን የተጠላለፈ የሽቦ ጎጆ የሚናፍቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ቤቶቹን እንጂ ሽቦውን አልናፍቅም። ይሁን እንጂ ሽቦ ስለ ተቀበረ ብቻ ከመብረቅ ዳነ ማለት አይደለም፤ ከዛፍ ወይም ከሕንፃ ላይ የወረደ ኃይል በአፈር ውስጥ ሲበተን በአቅራቢያው ያገኘውን መዳብ ይከተላል፣ የሁለት ሕንፃዎች ምድር መለያየትም ገመዱ ከላይ ይሂድ ከታች ግድ የለውም። ከዚህ ነገር በእውነት ነጻ የሆነው ብርሃን የሚሸከመው የመስተዋት ክር፣ ፋይበር የሚሉት ነው፤ መስተዋት ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና በሁለት ቤቶች መካከል ሲዘረጋ ምድራቸውን አያጋባም፤ እርሱም ቢሆን በውስጡ የሚያጠነክረው የብረት ሽቦ ካለ፣ ያ ብረት በየጫፉ ሥርዐቱን ይሻል።

ዛሬም በአራዳ ጓዳ ጓዳው፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥር እስከ እሪ በከንቱ ድረስ፣ ከሱቅ ወደ መጋዘን፣ ከፎቅ ወደ ጎረቤት ፎቅ፣ የካሜራ፣ የኢንተርኔትና የመብራት ገመድ በጣራ ላይ ሲሻገር ይታያል። አንባቢ ሆይ፣ ከነዚህ ገመዶች አንዱ የእርስዎ ከሆነ፣ የበልጉ ነጎድጓድ ሳይጀምር፣ በጥር ወር አንድ ቀን ማለዳ ወደ ጓሮ ይውረዱ፤ አረንጓዴውን ሽቦ በእጅዎ እየተከተሉ እስከ መጨረሻው ይሂዱ፤ የታሰረበትን ቧንቧ በጣትዎ ያንኳኩ፤ ከአፈር መግባቱን በዐይንዎ ካዩ በኋላም አንድ ባልዲ ውኃ ያፍስሱበት።